«ጋራዡ የራሴ፣ ፐርሚት ለምኔ» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሐበሻ ዘንድ ከስልክ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ጋራዥን ወደ መኖሪያ ክፍል ስለመቀየር ነው። ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም። የራሳቸውን ጋራዥ ክፍል አድርገው እንዳከራዩና ምንም እንዳልገጠማቸው ግን ይነግሩናል። ምክራቸው ሲጨመቅ እንዲህ ነው። ከውጭ የማይታይ ሥራ ፐርሚት፣ ማለትም የግንባታ ፈቃድ፣ አይፈልግም። ጋራዡ ድሮም መብራትና ሶኬት ስላለው ኤሌክትሪኩ ያለቀ ጉዳይ ነው። 110 ቮልት ሰው አይገድልም፤ አገር ቤት በ220 የሠራ ልጅ ካገኛችሁ ይበቃል። የብርዱን ወራት ሂተር ይወጣዋል፤ ብሬከሩ (ከረንት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው) ካስቸገረ ከፍ ባለ ይቀየራል። ፐርሚት የካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ግብር መጨመሪያ ነው። ኢንሹራንስም ሆነ ቤት ገዢ አይጠይቅም።

እኔ እዚሁ አካባቢ የቤት ኤሌክትሪክ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። ጽሑፉ በክፋት የተጻፈ አልመሰለኝም። ኪራዩ ጣሪያ በነካበት ከተማ፣ የአክስት ልጅ ሻንጣውን ይዞ በሚመጣበት ቤት፣ ካርቶን የታጨቀበትን ጋራዥ እያዩ «ይኼ እኮ አንድ ክፍል ይወጣዋል» ማለት ያለ ነው። ክፍል መደረጉንም አልቃወምም። ይቻላል፤ በደንብ የሠሩት ብዙ ናቸው። በጽሑፉ ምክር የተሠራ ክፍል ውስጥ ግን የማውቀው ሰው እንዲያድር አልፈልግም። ስለዚህ በየተራ ልመልስ። ጸሐፊው እውነት ያላቸው ቦታም አለ፤ እሱንም አልሸሽግም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የኤሌክትሪክ ቁጥሮች ከአሜሪካው የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ፣ ከናሽናል ኤሌክትሪካል ኮድ፣ የተወሰዱ ናቸው። ኮዱ መጀመሪያ የወጣው በ1897 ነው፤ አሁን በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። በራሱ ሕግ አይደለም። ሕግ የሚሆነው ስቴቱ ወይም ካውንቲው ሲቀበለው ነው፤ ሲቀበልም የሚቀንሰውና የሚጨምረው አለ። ስለዚህ የእናንተ ካውንቲ በየትኛው ዕትም እንደሚሠራ ደውላችሁ ጠይቁ። ስለ መስኮት፣ ስለ ማሞቂያና ስለ ጭስ ማስጠንቀቂያ የምለው ደግሞ ከመኖሪያ ቤቶች ኮድ ነው።

«ከውጭ ካልታየ ፐርሚት አይፈልግም»

ፐርሚት የማይፈልግ ሥራ አለ። ቀለም መቀባት፣ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ሴራሚክ መለጠፍ፣ የኩሽና ካቢኔት መቀየር ብዙ ቦታ ነፃ ነው። የተበላሸ ብሬከርን እዚያው ቦታ ላይ በዚያው መጠን መተካትም እንዲሁ። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «እንግዲህ የውስጥ ሥራ ሁሉ ነፃ ነው» አሉ። አይደለም። የሚታየው የቦታው አገልግሎት ነው። መኪና የሚቆምበት ቦታ ሰው የሚተኛበት ከሆነ አገልግሎቱ ተቀየረ። ያኔ የሕንፃ ፐርሚት ይጠየቃል። ኤሌክትሪኩ ለብቻው፣ ማሞቂያው ለብቻው፣ ውሃ ከገባም ቧንቧው ለብቻው ይጠየቃል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ሌላ ፈቃድም አለ። ለምሳሌ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ክፍሉ የራሱ ኩሽና ኖሮት ራሱን ችሎ ከተከራየ እንደ ተጨማሪ መኖሪያ ይቆጠራል፤ ክላስ 3 የሚባለው የኪራይ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ካውንቲው ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ደንቡን ስላላላ ነገሩ እንደ ድሮው ከባድ አይደለም። ኩሽና የሌለው፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ተራ መኝታ ክፍል ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ሰፈራችሁ ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካለው የእነሱን ደንብ ቀድማችሁ አንብቡ። ካውንቲው የፈቀደውን ማኅበሩ ሊከለክል ይችላል።

«ሎስ አንጀለስ ያለውን ወንድሜን ማንም አልከለከለውም» ይላሉ። ልክ ነው፣ አይከለከልም። ካሊፎርኒያ ያቀለለችው ግን ፐርሚት ማግኘቱን ነው፤ ፐርሚቱን አላስቀረችም። ከ2020 ጀምሮ ጋራዡን መኖሪያ ያደረገን ሰው «የጠፋውን የመኪና ማቆሚያ ተካ» ማለት ቀርቷል። ከተማውም የተሟላ ማመልከቻ ሲደርሰው በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ወንድምየው ፐርሚት አውጥቶ ከሆነ ምሳሌው ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

«ሽቦው ድሮም አለ፣ ኢንስፔክተሩም አይቶታል»

አዎ፣ አይቶታል። ያየው ግን ጋራዥ ነው። ለጋራዥ የሚጠየቀው ትንሽ ነው። በ2017ቱ ዕትም እንኳ ቢያንስ አንድ ባለ 20 አምፔር መስመርና ለእያንዳንዱ መኪና ቦታ አንድ ሶኬት ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ ለጠቅላላው ጋራዥ አንድ ሶኬት፣ አንድ አምፖልና የበሩ ሞተር ብቻ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ያችም አንድ መስመር ብዙ ጊዜ የጋራ ናት። በረንዳ ላይ ያለው ሶኬት፣ አንዳንዴ የመታጠቢያ ቤቱም ሶኬት ጭምር ከእሷ ይቀዳል። ፎቅ ላይ አንዷ ፀጉሯን ስታደርቅ ጋራዡ ይጠፋል።

መኝታ ክፍል ሌላ ነው። በግድግዳው ግርጌ ላይ ካለ ሶኬት ከ6 ጫማ በላይ የሚርቅ ቦታ መኖር የለበትም። ሶኬት ከሶኬት ቢበዛ 12 ጫማ ይራራቃል ማለት ነው። 2 ጫማና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ግድግዳ ሁሉ ይቆጠራል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ 6 ጫማ ገመድ ያለው ዕቃ የትም ቢቀመጥ ያለ ኤክስቴንሽን ይድረስ ነው። አሁን የሁለት መኪና ጋራዥን ትልቁን በር አስቡት። ስፋቱ 16 ጫማ አካባቢ ነው። እሱ ሲደፈን 16 ጫማ አዲስ ግድግዳ ይገኛል፤ እዚያ ላይ ግን አንድም ሶኬት የለም። ተከራዩ አልጋውን እዚያ ያደርጋል። ከዚያ ዲቫይደር ይዘረጋል፣ በዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር ይሰካል።

ዋናው ጉድለት ግን ይህ አይደለም። ጸሐፊው «ጋራዡ ጂኤፍሲአይ ስላለው ከመኝታ ቤትም ይበልጣል» ብለዋል። ጂኤፍሲአይ የሚጠብቀው ሰውን ነው። በፌዙ የወጣው ከረንት በኒውትራሉ ሳይመለስ ሲቀርና ልዩነቱ 5 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲደርስ ይቆርጣል። ጋራዥ ውስጥ የተጠየቀው ወለሉ መሬት ላይ የተኛ፣ እርጥበት የማይለየው ኮንክሪት ስለሆነ ነው። መኝታ ቤት የሚጠየቀው ኤኤፍሲአይ የሚባለው ሌላ ዓይነት ብሬከር ነው። እሱ የሚጠብቀው ቤቱን ነው። የላላ ብሎን፣ በድራይዎል (ግድግዳ በሚለብሰው የጂፕሰም ሰሌዳ) ብሎን የተወጋ ኬብል፣ በአልጋ እግር የተጨፈለቀ ገመድ ትንንሽ ብልጭታ ይፈጥራሉ። ብልጭታው ብዙ ከረንት ስለማይስብ ተራው ብሬከር አያውቀውም። ሙቀቱ ግን እንጨት ለማቀጣጠል ይበቃል።

አገር ቤት የለመድነው ቤት እዚህ ካለው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ሽቦ ቢግል በዙሪያው የሚነድ ብዙ ነገር የለም። እዚህ ግድግዳው የእንጨት አጥንት ነው፤ ላዩ ስስ ድራይዎል ይለብሳል። ሽቦው እንጨቱን በስቶ ያልፋል፣ በስቴፕል ይያዛል። ቀዳዳው ከእንጨቱ ፊት 1 ኢንች ከሩብ ካልራቀ ላዩ ላይ ብረት ይደረግበት የሚባለው፣ ድራይዎል የሚመታው ሰው ብሎኑን ኬብሉ ላይ እንዳይሰካ ነው። ኮዱ ኤኤፍሲአይን በ1999 ዕትሙ ያስገባው ለመኝታ ቤት ነው፤ ተፈጻሚ የሆነውም ከ2002 መጀመሪያ ነው። በ2008 ወደ ሳሎንና ወደ መሰል ክፍሎች፣ በ2014 ወደ ኩሽናና ወደ ልብስ ማጠቢያ ሰፋ። ጋራዥ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ «አለቀ» የተባለው ሽቦ ያንን ብሬከር የሚያገኘው አንድ ሰው ሆን ብሎ ሲያስገባው ብቻ ነው። ማጠቢያ ከተጨመረ ደግሞ ከማጠቢያው በ6 ጫማ ውስጥ ያለ ሶኬት ጂኤፍሲአይም ይፈልጋል። ሁለቱን ሥራ በአንድ የያዘ ብሬከር ይሸጣል። ዋጋው ይቆነጥጣል፤ ቢሆንም ግድግዳ አፍርሶ እንደገና ከመሥራት ይረክሳል።

ብሬከሮቹ ያሉበት ሳጥን፣ ፓኔሉስ? ብዙ ቤት ፓኔሉ ያለው እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነው። ጽሑፉ «ለውበት በልብስ ቁም ሳጥን ሸፍኑት» ይላል። ለመጻፍ የቆረጥኩት ይህችን መስመር ሳነብ ነው። ፓኔል ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ አይሆንም። መታጠቢያ ቤት ውስጥም አይሆንም። ከፊቱ 36 ኢንች ጥልቀት፣ 30 ኢንች ስፋትና 6 ጫማ ተኩል ቁመት ያለው ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ኤሌክትሪክ ሳይጠፋ ፊቱ ቆሞ የሚሠራ ሰው እጁን ማንቀሳቀስ፣ ካስፈለገም ማፈግፈግ ስላለበት። ሌላም አለ። ተከራዩ ክፍሉን ቆልፎ ሥራ ይሄዳል። ላይ ቤት አንድ ሶኬት መጨስ ቢጀምር ብሬከሩን ለመድረስ በር መስበር ሊኖርባችሁ ነው። ጋራዥ ለመቀየር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሊወስን የሚገባው የፓኔሉን ቦታ ነው። ወይ ከክፍሉ ውጭ የሚቀር ኮሪደር ይተውለታል፣ ወይ ፓኔሉ ይነሳል። መነሳቱ ደግሞ ከጠቅላላው የኤሌክትሪክ ሥራ ትልቁ ወጪ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻ ቀን ላይ የሚገኝ ዜና መሆን የለበትም።

«110 አይገድልም»

ይገድላል። ሰውን የሚጎዳው በሰውነቱ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ነው። እሱ ደግሞ በቆዳው እርጥበት፣ በቆመበት ወለልና ከረንቱ በሚያልፍበት መንገድ ይወሰናል። ጂኤፍሲአይ በ5 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። 15 አምፔር ብሎ የተጻፈበት ተራ ብሬከር የዚያን 3000 እጥፍ ሳያቅማማ ያሳልፋል።

ደግሞም ወደ ቤቱ የሚገባው 110 ብቻ አይደለም። ከመንገዱ ትራንስፎርመር ሁለት ፌዝና አንድ ኒውትራል ይመጣል። ከአንዱ ፌዝ ወደ ኒውትራል 120 (በልማድ 110 የሚባለው)፣ በሁለቱ ፌዞች መካከል 240 ቮልት አለ። አገር ቤት የተማረ ባለሙያን አልንቅም። አብረውኝ የሚሠሩ አሉ፣ እጃቸው ወርቅ ነው። ነገር ግን የለመዱት ተራ መኖሪያ ቤት አንድ ፌዝና ኒውትራል የሚገባበት ነው። እዚህ ሁለት ፌዞች በአንድ ኬብል ገብተው አንድ ኒውትራል የሚጋሩበት አሠራር አለ። ፌዞቹ የተለያዩ ሲሆኑ ኒውትራሉ የሚመልሰው ልዩነታቸውን ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለቱንም ከአንድ ፌዝ ላይ ካሠራቸው ኒውትራሉ ድምራቸውን ይሸከማል። ለ20 አምፔር በተሠራ ሽቦ ላይ 40 ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ኒውትራል ላይ ብሬከር የለም፣ የሚያቆመው የለም። ኒውትራሉ ቢላቀቅ ደግሞ 240ው በሁለቱ በኩል ለተሰኩት ዕቃዎች እኩል ሳይሆን ይከፋፈልና አንደኛው ወገን ይቃጠላል። ይህ የብልጥነት ጉዳይ አይደለም። የአገሩን አሠራር የማወቅ ጉዳይ ነው።

ጋራዡ ከቤቱ ተነጥሎ ጓሮ የቆመ ከሆነ ሥራው ይብሳል። ራሱን የቻለ ማጥፊያ፣ የራሱ የመሬት ዘንግ፣ ንዑስ ፓኔል ከገባም ኒውትራልና ግራውንድ (የመሬት ሽቦው) ተለያይተው መታሰር አለባቸው። ኬብሉ ያለ ቱቦ ከተቀበረ ብዙውን ጊዜ 24 ኢንች፣ በፒቪሲ ቱቦ ከሆነ 18 ኢንች ጥልቀት ይፈልጋል። ጸሐፊው «ከአጥሩ ሥር ብታሳልፉት ማንም አያየውም» ብለዋል። አካፋ የያዘ አትክልተኛም አያየውም።

ማን ይሥራው ለሚለው፣ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ማስተር ኤሌክትሪሺያን የሚባል የፈቃድ ደረጃ አላቸው፤ ፐርሚቱን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የምትኖሩበት የራሳችሁ ቤት ከሆነ ግን ፐርሚቱን በራሳችሁ ስም አውጥታችሁ በራሳችሁ እጅ መሥራት የሚፈቅዱ ካውንቲዎች አሉ። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ይፈትኗችኋል። ይህንን ጸሐፊው ሳይነግሩን መቅረታቸው ያሳዝናል፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ ትክክለኛው በር ይኸው ነበር። በእናንተ ስም ፐርሚት አውጥቶ ለሃንዲማን ማስረከብ ግን ሌላ ነገር ነው። ችግር ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእናንተ ነው። እሱ ስልክ አያነሳም።

«ሂተር ይወጣዋል፣ ብሬከሩን ከፍ አድርጉት»

ቁጥሩን እንሥራው። እዚህ ሱቅ የሚሸጠው ተንቀሳቃሽ ሂተር ሲበዛ 1500 ዋት ነው። ለ120 ሲካፈል 12.5 አምፔር ይሆናል። ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ጭነት ከብሬከሩ 80 በመቶ እንዳያልፍ ነው የሚመከረው። ይህ ለ15 አምፔር ብሬከር 12 አምፔር ነው። ሂተሩ ብቻውን ሞላው ማለት ነው። ተከራዩ ማታ ማይክሮዌቭ ሲያበራ ይወድቃል። መውደቁ ደግሞ ብልሽት አይደለም፣ ሥራው ነው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ «30 ብታደርጉት አይወድቅም» ይላሉ። እውነት ነው፣ አይወድቅም። ብሬከር የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። 14 ቁጥር የመዳብ ሽቦ 15 አምፔር፣ 12 ቁጥር 20፣ 10 ቁጥር 30 ነው የሚፈቀድለት። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር ልብ በሉ፤ በዚህ የሚሳሳት ብዙ ነው። 14 ቁጥር ሽቦ ላይ 30 ሲደረግ፣ ከዚያ ወዲያ የሚሞቀው ሂተሩ ብቻ አይሆንም። ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚደረግ ሙሌት) በተሞላ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦም ይሞቃል። ከመላው ጽሑፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሰረዝ ብባል የምሰርዘው ይህንን ነው።

ኮዱም ቢሆን ሂተሩን አይቀበለውም። ሰው የሚኖርበት ክፍል 68 ዲግሪ ፋራናይት መድረስ በሚችል ማሞቂያ መሞቅ አለበት፤ ተንቀሳቃሽ ሂተር ለዚህ አይቆጠርም። ኤክስቴንሽንም በቋሚ ሽቦ ቦታ መግባት፣ በግድግዳ ውስጥ ማለፍ አይፈቀድለትም። የሚያዋጣው በራሱ 240 መስመር ላይ የሚሠራ ሚኒ ስፕሊት ነው። ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል፤ ለተመሳሳይ ሙቀት የሚበላው ኤሌክትሪክም ከሂተሩ በጣም ያነሰ ነው። ጋራዡ ቀድሞ ኢንሱሌሽን ካላገኘ ግን እሱም ይቸገራል።

ከዚህ ጋር ቤቱ በጠቅላላ መቻሉ ይታይ። ኮዱ እስከ 2023 ዕትሙ ድረስ ለመብራትና ለተራ ሶኬት በካሬ ጫማ 3 ቮልት አምፔር (እንደ ዋት ያለ የጭነት መለኪያ) ያስባል። 400 ካሬ ጫማ ጋራዥ 1200 ብቻ ይሆናል፤ ይህ ቀላል ነው። የሚከብደው ማሞቂያው፣ ኩሽናው፣ የውሃ ማሞቂያውና የኤሌክትሪክ መኪናው ቻርጀር ሲደመሩ ነው። 100 አምፔር የሚገባበት አሮጌ ቤት ካላችሁ ግድግዳ ከማቆማችሁ በፊት ስሌቱ ይሠራ።

በነገራችን ላይ ምጣዱን አትርሱት። በየሐበሻው ቤት እንጀራ የሚጋገረው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ጭሱም ሽታውም እዚያው ይቀራል። ጋራዡ ሲጠፋ ምጣዱ የት ይሄዳል? እዚህ የሚገዛውና 120 ላይ የሚሰካው 1500 ዋት አካባቢ ስለሆነ እንደ ሂተሩ ራሱን የቻለ መስመር ቢያገኝ ይመረጣል። ከአገር ቤት የመጣው ግን ሌላ ጣጣ ነው። ለ220 ቮልት የተሠራ 3500 ዋት ምጣድ 240 ሲያገኝ ወደ 4200 ዋት ይጠጋል፣ 17 አምፔር ይስባል። ሰዎች የልብስ ማድረቂያው ሶኬት ላይ ይሰኩታል። ከ1996ቱ ኮድ በፊት የተሠሩት ባለ ሦስት ቀዳዳ የማድረቂያ ሶኬቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተለየ ግራውንድ የላቸውም። ውሃና ሊጥ በሚፈስበት፣ አካሉ ብረት በሆነ ዕቃ ላይ ግራውንድ ማጣት አይቀለድበትም።

«ፐርሚት ግብር ለመጨመር ነው»

ግማሹ እውነት ነው። የመኖሪያ ስፋት ሲጨምር የቤቱ ግምት ሊጨምር ይችላል፤ ፐርሚቱም ለገማቹ መረጃ ይሆነዋል። ይሁን እንጂ በሜሪላንድ የቤት ግምት የሚያወጣው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው፤ በየ3 ዓመቱ ነው የሚገመተው። በቨርጂኒያ ካውንቲው ወይም ከተማው ራሱ ይገምታል። ለዚህ ብሎ ፐርሚት መሸሽ ግን በወር የሚገባውን ኪራይ ትቶ በዓመት የሚወጣውን ግብር ማሳደድ ነው። ፐርሚት ይዘገያል፣ ወረቀቱ ይሰለቻል፣ ኢንስፔክተሩ የቀጠረበትን ሰዓት አያከብርም የሚለው ቅሬታቸው ትክክል ነው። እኔም አጉረመርማለሁ። ግን ድራይዎል ከመመታቱ በፊት የሚደረገው ፍተሻ፣ ሽቦው ከመቀበሩ በፊት ከሠሪው ሌላ ሰው የሚያይበት ብቸኛው ጊዜ ነው።

«ኢንሹራንስም ገዢም አይጠይቅም»

«ፐርሚት ከሌለ ኢንሹራንስ በጭራሽ አይከፍልም» የሚሉም ያጋንናሉ። እንደ ውሉ ነው። ነገር ግን እሳት ሲነሳ መርማሪ ይመጣል፣ እሳቱ ከየት እንደተነሳም ይጠይቃል። ውሉ ላይ ጋራዥ የተባለው ቦታ ተከራይ የሚኖርበት ሆኖ ሲገኝ ክርክሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ተከራይ ስታስገቡ ለኢንሹራንሱ ደውላችሁ መንገር ነፃ ነው።

ሽያጩን በተመለከተ ግን በሜሪላንድ ሻጭ የሚሞላው የቤት መግለጫ ቅጽ ላይ፣ ለተደረጉ ማሻሻያዎች አስፈላጊው ፐርሚት ወጥቶ እንደሆነ በግልጽ የሚጠይቅ ጥያቄ አለ። መግለጫ አልሰጥም ብሎ መፈረም ይቻላል፤ ያኔም ቢሆን የሚያውቁትን ስውር ጉድለት መደበቅ አይቻልም። ቨርጂኒያ ላይ ሸክሙ ይበልጥ ገዢው ላይ ነው። የገዢው ኢንስፔክተር ግን ጋራዥ በር የነበረበትን ቦታ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ያውቀዋል።

ጽሑፉ ያላነሳቸው

የጋዝ የውሃ ማሞቂያና ፈርነስ (የቤቱ ዋና ማሞቂያ) ጋራዥ ውስጥ ያለበት ቤት ብዙ ነው። ጋራዡ መኝታ ሲሆን እነሱ ከእንቅልፍ ክፍሉ አየር እየወሰዱ እዚያው ሊቀሩ አይችሉም። ወይ ታሽጎ በሚዘጋ የራሳቸው ክፍል ከውጭ አየር ያገኛሉ፣ ወይ አየራቸውን በቀጥታ ከውጭ በሚስብ ዓይነት ይቀየራሉ፣ ወይ ይነሳሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም። ግማሹን ጋራዥ ለመኪና ትታችሁ ግማሹን መኝታ ካደረጋችሁም ከመኪናው ቦታ በቀጥታ ወደ መኝታው የሚከፈት በር አይፈቀድም።

መኝታው ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት ወይም በር ይፈልጋል። መስኮት ከሆነ ሲከፈት ቢያንስ 20 ኢንች ስፋትና 24 ኢንች ቁመት፣ ታችኛው ጠርዙም ከወለሉ ከ44 ኢንች ያልበለጠ። እነዚህ ሁለቱ ትንሹ ልክ ናቸው፤ ጠቅላላ ክፍተቱ ደግሞ ከመሬት እኩል በሆነ ወለል 5 ካሬ ጫማ መሙላት አለበት። ጣሪያው 7 ጫማ፣ ክፍሉ ቢያንስ 70 ካሬ ጫማ። የጭስ ማስጠንቀቂያ በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል ውስጥም፣ ከመኝታዎቹ ውጭም፣ በየፎቁም፤ አንዱ ሲጮህ ሁሉም እንዲጮሁ የተያያዙ። በፐርሚት ስትሠሩ ይህኛው በቀሪው ቤት ላይም ሊጠየቅ እንደሚችል በጀታችሁ ላይ ጻፉት።

ሥራውን አስቀድመው ለጨረሱትስ? በራችሁን አንኳኩቶ የሚያስወጣችሁ የለም። ከሥራ በኋላ ፐርሚት ማውጣት ይቻላል። ብዙ ቦታ ክፍያው ከፍ ይላል፣ ኢንስፔክተሩም ግድግዳው እዚህም እዚያም እንዲከፈት ሊጠይቅ ይችላል። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ከ2020 በፊት ያለ ፐርሚት የተሠራ መኖሪያ ከሆነ፣ ለጤናና ለደኅንነት የሚያሰጋ ነገር እስከሌለው ድረስ ፐርሚት እንዳይከለከል የሚያደርግ ሕግ ከ2025 ጀምሮ አለላችሁ። ወደ ካውንቲው ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ማስተር ኤሌክትሪሺያን አስገቡ። ፓኔሉን ይክፈት፤ የእያንዳንዱን ብሬከር መጠን ከሽቦው ውፍረት ጋር ያመሳክር፤ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ጀንክሽን ቦክስ (ሽቦዎች የሚጋጠሙበት ሳጥን) ካለ ያውጣው። በሥራው ጊዜ ያነሳችኋቸው ፎቶዎች ካሉ አታጥፏቸው፤ ግድግዳው ሳይዘጋ የተነሳ ፎቶ ብዙ ድራይዎል ያድናል። ሂተሩን ከኤክስቴንሽኑ ለመንቀልና ከፍ የተደረገውን ብሬከር ወደ ልኩ ለመመለስ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።